ቻናሉ የት ሄደ? የአሜሪካ የአንቴና ቴሌቪዥን ንዑስ ቻናሎች ለምን ይቀያየራሉ

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ኬብል ሳይከፍሉ በአንቴና ብቻ ቴሌቪዥን የሚያዩ ብዙ ቤቶች አሉ። አንዳንዱ ወጪ ለመቀነስ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ቤት ለሚውሉ እናትና አባት፣ ሪሞቱ እንዳያስቸግራቸው ብሎ ነው። በእነዚህ ቤቶች አንድ ነገር ደጋግሞ ይከሰታል። ማታ የታየው ቻናል ጠዋት ይጠፋል። ወይም ቁጥሩ እዚያው አለ፣ የሚታየው ግን ሌላ ነገር ነው። በድሮ ፊልም ፈንታ ዕቃ መሸጫ ይመጣል።

ግምቱ ወዲያው ይጀምራል። "መንግሥት ዘጋው" የሚል አለ። "ቲቪው አርጅቷል" የሚልም አለ። በ2025 ደግሞ "አንቴና ጭራሹን ሊቀር ነው" የሚል ወሬ ተጨመረ። መነሻው እውነተኛ ዜና ነው። የአሜሪካ የብሮድካስተሮች ማኅበር፣ በምህጻሩ ኤን ኤ ቢ፣ ነባሩ የስርጭት ዘዴ በአዲስ እንዲተካ በፌብሩወሪ 2025 ለመንግሥት ጥያቄ አቀረበ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንቴና ግን አይቀርም። አዲሱም ዘዴ የሚሠራው በአንቴና ነው።

ችግሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። የፕሮግራም ውል ሲያልቅ "ቻናሉ ጠፋ" እንላለን። ጣቢያው ፍሪኩዌንሲ ሲቀይርም እንዲሁ። ቴክኖሎጂው ሲቀየርም እንዲሁ። መንስኤያቸው ይለያያል፣ መፍትሔያቸውም ይለያያል።

አንድ ግቢ፣ ብዙ ተከራይ

በአሜሪካ ትልልቆቹ ጣቢያዎች የአናሎግ ስርጭታቸውን ያቆሙት በጁን 12, 2009 ነው። በአናሎግ ጊዜ አንድ ጣቢያ በተሰጠው የአየር ሞገድ የሚያስተላልፈው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነበር። ዲጂታል ይህን ለወጠው። የጣቢያው ድርሻ አሁንም 6 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው መስመር ነው። በዚያ መስመር በሰከንድ 19.39 ሜጋቢት ዳታ ያልፋል። ሜጋቢት የዳታ መስፈሪያ ነው። ምስልና ድምፁ የሚለካው በእሱ ነው።

ጣቢያው ይህን ዳታ እንደፈለገ ይከፋፍለዋል። ልክ ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ዋናውን ቤት ለራሱ ይዞ ሰርቪሶቹን እንደሚያከራየው። ዋናው ቤት 4.1 ነው፤ በጥራት የሚታየው ትልቁ ቻናል። ሰርቪሶቹ 4.2፣ 4.3፣ 4.4 ናቸው። ንዑስ ቻናል የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ግቢው ግን አይሰፋም። አንድ ተከራይ ሲጨመር የሌላው ክፍል ይጠባል። ስፖርት ሲታይ ኳሷ ጭራ ካወጣች ወይም ሣሩ እንደ ሞዛይክ ከተቆራረጠ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። ለዋናው ቻናል የሚበቃ ዳታ አልቀረም ማለት ነው። ንዑስ ቻናሎቹ በተለምዶ ዝቅ ባለ ጥራት የሚታዩትም ለዚህ ነው።

ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር አድራሻ አይደለም

ኢትዮጵያ ውስጥ በዲሽ የሚያይ ሰው ይህን ነገር ከአሜሪካው ተመልካች በተሻለ ያውቀዋል። ጣቢያ ፍሪኩዌንሲ ሲቀይር አዲሱ ቁጥር በስክሪን ግርጌ ይለፈፋል። ሰውም ወረቀት ላይ ጽፎ ሪሲቨሩ ላይ ያስገባል፣ ወይም የዲሽ ሠራተኛ ይጠራል። በአሜሪካ አንቴና ግን ፍሪኩዌንሲው ከተመልካቹ ተደብቋል። የሚታየው ጣቢያው ለራሱ የያዘው መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ እውነተኛውን ፍሪኩዌንሲ በስካን ጊዜ፣ ማለትም ቻናል እንዲፈልግ በሪሞት ሲታዘዝ፣ ፈልጎ በውስጡ ይመዘግባል።

ስለዚህ ጣቢያው ቤት፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲ፣ ሲቀይር አዲሱ ቁጥር አይነገርም። የዋሽንግተኑ ቻናል 4፣ ደብሊው አር ሲ፣ በእውነተኛ ፍሪኩዌንሲው 48ኛው መስመር ላይ ነበር። ከዚያ ወደ 34ኛው ተዛወረ። ስክሪኑ ላይ ግን ሁልጊዜም 4.1 ነው። እንደገና ስካን ያላደረገ ቴሌቪዥን 4.1ን ጥሎት በሄደው ቤት ይፈልገዋል። አያገኘውም።

የቻናል 20 ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይገርማል። ደብሊው ዲ ሲ ኤ የተባለው ይህ ጣቢያ የአየር ሞገዱን ወደ 119 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ሸጦታል። ዛሬ የራሱ መስመር የለውም። ከቻናል 5 ጋር በአንድ መስመር ተዳብሎ ይኖራል። ተመልካቹ ግን 20.1 ሲነካ ያገኘዋል። ምንም የተቀየረ አይመስለውም።

ሽያጩ የተካሄደው በ2016 ተጀምሮ በ2017 ባለቀ ትልቅ ጨረታ ነው። መንግሥት ከቴሌቪዥን ጣቢያዎች የአየር ሞገድ ገዝቶ ለስልክ ኩባንያዎች ሸጠ። ገቢው 19.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ከ10 ቢሊዮን በላይ የሚሆነው ለ175 ጣቢያዎች ተከፈለ። ከ38 እስከ 51 ያሉት የቴሌቪዥን መስመሮች ለሌላ አገልግሎት ተለቀቁ። ቀሪዎቹ ጣቢያዎች ተጠጋግተው እንዲቀመጡ 987 የሚሆኑት መስመር እንዲቀይሩ ተደረገ። ዝውውሩ እስከ 2020 ቀጠለ።

በዲሲ አካባቢ የጨረታው ጉዳት በግልጽ የታየው በኤም ኤች ዜድ ኔትወርክስ ነው። መቀመጫው ቨርጂኒያ፣ ፎልስ ቸርች ነበር። በሁለት የሕዝብ ጣቢያዎች መስመር ላይ አስር ገደማ ንዑስ ቻናሎችን ያሰራጭ ነበር። ፍራንስ 24፣ አልጀዚራ እንግሊዝኛ፣ የጃፓኑ ኤን ኤች ኬ ወርልድ በነጻ በአንቴና ይገቡ ነበር። የውጭ ዜና ለሚፈልግ ስደተኛ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። የሁለቱ ጣቢያዎች ባለቤት ሞገዱን በድምሩ ወደ 182 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በ2018 ሁለቱም ከአየር ወጡ። ጨረታው ለጣቢያው ባለቤትም ለግምጃ ቤቱም ገንዘብ አስገኝቷል። ለተመልካቹ የቀረለት ግን ባዶ ቁጥር ነው። ሌላ ጣቢያ ያንን ስብስብ አልተካውም።

ሲግናሉ እያለ ፕሮግራሙ የሚቀየረው

ንዑስ ቻናል ላይ የሚታየው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የጣቢያው አይደለም። በአገር አቀፍ ደረጃ የተዘጋጀ ኔትወርክ ነው። ሚቲቪ፣ አንቴና ቲቪ፣ ግሪት፣ ላፍ፣ ኮሜት እና ሌሎችም አሉ። ከአካባቢው ጣቢያ ጋር የሚገናኙት በውል ነው። አንዳንዱ ለቦታው በገንዘብ ኪራይ ይከፍላል። አንዳንዱ የማስታወቂያ ጊዜውን ወይም ገቢውን ከጣቢያው ጋር ይካፈላል። ውሉ ሲያልቅ ጣቢያው የተሻለ ከፋይ ካገኘ ተከራዩን ይቀይራል። በዚያ ቀን ሲግናሉም አንቴናውም ቴሌቪዥኑም ደህና ናቸው። የተቀየረው ውሉ ነው።

በነዚህ ቻናሎች ላይ የሚደጋገመው ማስታወቂያ ብዙ ይናገራል። የጡረተኞች የጤና መድን፣ የመታጠቢያ ቤት እድሳት፣ "አሁኑኑ ይደውሉ" የሚሉ ስልኮች። ማስታወቂያ አስነጋሪው የሚያሰላው ስንት ሰው ደወለ ብሎ ነው። የደዋዩ ቁጥር ከወረደ ገቢው ይወርዳል። አንድ ኔትወርክ በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን የሚዘጋውም በዚህ የተነሳ ነው። በ2024 ብቻ ሁለት ምሳሌ አለ። ዲስ ቲቪ የተባለው የፊልም ቻናል በሜይ መጨረሻ ተዘጋ። ስክሪፕስ ኒውስ የተባለው የ24 ሰዓት የዜና ቻናል ደግሞ በኖቬምበር ከአንቴና ወርዶ ወደ ኢንተርኔት ብቻ ዞረ። በነጻ በአንቴና የሚገባ አገር አቀፍ የዜና ቻናል እንደ ልብ የሚገኝ አይደለምና ይህኛው ያስቆጫል።

ሌላው ነገር ባለቤትነት ነው። ብዙዎቹ ኔትወርኮች ጣቢያም ባላቸው ኩባንያዎች የተያዙ ናቸው። ኮሜት የሲንክሌር፣ አንቴና ቲቪ የኔክስታር፣ ግሪትና ላፍ የስክሪፕስ ናቸው። ኩባንያ ኩባንያን ሲገዛ አዲሱ ባለቤት የራሱን ኔትወርክ ማስገባት መፈለጉ አይቀርም። በኦገስት 2025 ኔክስታር ሌላውን የጣቢያዎች ባለቤት ቴግናን በ6.2 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን ሲያስታውቅ ጉዳዩ በዋናነት የዜና ክፍሎችን በተመለከተ ነበር የተወራው። የዲሲው ቻናል 9 የቴግና ነበር። እንዲህ ያለ ግዢ ከዋናው ቻናል ይልቅ ቶሎ የሚነካው 9.2ን፣ 9.3ን ነው። በዋናው ላይ ያለው የትልቅ ኔትወርክ ውል በቀላሉ አይነካም።

ንዑስ ቻናል ዋጋ የለውም ማለት ግን ስህተት ነው። ባውንስ ቲቪ የተወለደው እዚያ ነው። ጥቁር አሜሪካውያንን ታሳቢ አድርጎ በሴፕቴምበር 2011 ሲጀምር ከመሥራቾቹ መካከል የመብት ታጋዩ አንድሩ ያንግና የማርቲን ሉተር ኪንግ ልጅ ማርቲን ሉተር ኪንግ ሣልሳዊ ነበሩ። በሎስ አንጀለስ ደግሞ በቻናል 57 ሥር የቬትናምኛ ንዑስ ቻናሎች ተደርድረዋል። ሙሉ ጣቢያ መግዛት የማይችል ማኅበረሰብ አንድ ክፍል ሊከራይ ይችላል። ከኬብል ይልቅ ርካሽ መንገድ ነው። የኢትዮጵያውያን ጣቢያዎች በአብዛኛው በሳተላይትና በኢንተርኔት መንገድ ስለሄዱ ይህን በር ብዙም አናስበውም። በሩ ግን አለ፣ እየጠበበም ነው።

ኔክስትጄን ቲቪ፦ ግቢ ለማፍረስ ግቢ መልቀቅ

አዲሱ የስርጭት ዘዴ ኤ ቲ ኤስ ሲ 3.0 ይባላል። የገበያ ስሙ ኔክስትጄን ቲቪ ነው። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ኤፍ ሲ ሲ፣ በ2017 ፈቅዶታል። በፈቃደኝነት ነው፤ ጣቢያዎች አይገደዱም። ዳታን በተሻለ ያጨምቃል። ስለዚህ በዚያው 6 ሜጋኸርዝ ውስጥ የጠራ ምስልና ብዙ ቻናል ይገባል። ችግሩ ከነባሩ፣ ከ1.0፣ ጋር አለመግባባቱ ነው። የቆየ ቴሌቪዥን 3.0ን አያነብም። ማስተላለፊያውም በአንድ ጊዜ በሁለቱም አይናገርም።

በ2009 አብዛኛው ጣቢያ ሁለተኛ መስመር በውሰት ተሰጥቶት ነበር። አሁን ግን ትርፍ መስመር የለም። የተፈለሰፈው መላ ደባልነት ነው። በአንድ ከተማ አንድ ጣቢያ መስመሩን በሙሉ ለ3.0 ይሰጣል። የሌሎቹን ዋና ቻናሎች በአዲሱ ዘዴ ተሸክሞ ያስተላልፋል። ሌሎቹ ደግሞ የእሱን ፕሮግራም በነባሩ ዘዴ በየቤታቸው ያስጠጋሉ። በዲሲ ይህን ኃላፊነት የወሰደው ቻናል 32፣ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲው ደብሊው ኤች ዩ ቲ ነው።

አሁን ወደ ግቢው ምሳሌ እንመለስ። እንግዳ ሲመጣ ከሰርቪስ ክፍሎቹ አንዱ መለቀቅ አለበት። የሚለቀው ንዑስ ቻናል ነው። ወይ ወደ ሌላ ጣቢያ ይዛወራል፣ ወይ ጥራቱ ይቀንሳል፣ ወይ ይሰረዛል። ስለዚህ ተመልካቹ ስለ 3.0 ምንም ሳይሰማ፣ አዲስ ቴሌቪዥንም ሳይገዛ፣ የሚወደው 3ኛ ወይም 4ኛ ንዑስ ቻናል ሊጠፋበት ይችላል።

ሕጉ የሚጠብቀው ዋናውን ቤት ብቻ ነው

በሕዝብ ውይይት እምብዛም የማይነሳው ይህ ነው፣ ለእኔ ግን ዋናው ነጥብ እሱ ነው። ንዑስ ቻናል ጠባቂ የለውም።

የኬብል ኩባንያዎች የአካባቢ ጣቢያዎችን እንዲይዙ የሚያስገድድ ሕግ አለ። በፌብሩወሪ 2005 ኤፍ ሲ ሲ ይህ ግዴታ የሚመለከተው የጣቢያውን ዋና ቻናል ብቻ ነው ብሎ ወሰነ። ንዑስ ቻናሎቹ ኬብል ላይ የሚገቡት ኩባንያው ከተስማማ ብቻ ነው። ወደ 3.0 የሚሄድ ጣቢያም ፕሮግራሙን በነባሩ ዘዴ ጎን ለጎን እንዲያስተላልፍ ይገደዳል። በሁለቱ ላይ የሚታየው ተመሳሳይ ይሁን የሚለው ደንብ በ2023 ታድሶ እስከ ጁላይ 17, 2027 ተራዝሟል። ይህም የሚሠራው ለዋናው ቻናል ነው። ለ4.2 ወይም ለ9.3 እንዲህ ያለ ዋስትና የለም።

ማሳወቂያም ቢሆን ያው ነው። ጣቢያ በጨረታው ምክንያት መስመር ሲቀይር አስቀድሞ ለ30 ቀን በየቀኑ በአየር ላይ እንዲናገር ታዞ ነበር። የንዑስ ቻናል ተከራይ ሲቀየር ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። ኔትወርኩ ራሱ በስክሪን ግርጌ ጽሑፍ ካላሳለፈ ተመልካቹ የሚያውቀው ጠፍቶ ሲያገኘው ነው።

ሕጉ እንዲህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ንዑስ ቻናል ሁሉ ይጠበቅ ቢባል ኬብል ኩባንያው የዕቃ መሸጫ ቻናሎችን በግድ ሊሸከም ነው። ጣቢያውም የከሰረ ተከራይ ማስወጣት ያቅተዋል። ያም ሆኖ ማሳወቂያ ብዙ ወጪ የለውም። ለ30 ቀን በግርጌ የሚያልፍ አንድ መስመር ጽሑፍ ማንንም አያከስርም።

ማን ምን ይላል

ኤን ኤ ቢ የጠየቀው በ55ቱ ትልልቅ የቴሌቪዥን ገበያዎች (ከተሞችና ዙሪያቸው) ነባሩ ዘዴ በፌብሩወሪ 2028፣ በቀሩት በፌብሩወሪ 2030 እንዲያበቃ ነው። ዋሽንግተን ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ናት። ክርክራቸው ግልጽ ነው። ሁለቱን ዘዴ ጎን ለጎን ማስኬድ ቦታ ይበላል፤ ደባልነቱ እስካለ ድረስ አዲሱ ዘዴ አቅሙን ማሳየት አይችልም። ቀን ካልተቆረጠም አምራቾች ቴሌቪዥኑን አይሠሩም፣ ሰውም አይገዛም። ይህ ባዶ ክርክር አይደለም። በእርግጥም 1.0 ሲቆም ለንዑስ ቻናሎች ሰፊ ቦታ ይከፈታል።

የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ማኅበር በበኩሉ ማስገደዱን ይቃወማል። አዲሱ መቀበያ የቴሌቪዥን ዋጋ ይጨምራል ይላል። ኤል ጂ በፓተንት ክርክር የተነሳ ለ2024 የአሜሪካ ሞዴሎቹ 3.0 መቀበያ እንደማያስገባ ማስታወቁ የነገሩን ውስብስብነት ያሳያል። ተመልካቾችን ያስቆጣው ግን ሌላ ነው፤ ምስጠራ። ብዙ ጣቢያዎች የ3.0 ሲግናላቸውን ይቆልፉታል። ለመክፈት የምስክር ወረቀት ያለው መሣሪያ ያስፈልጋል። ጣቢያዎቹ ይህ ከስርቆት መከላከያ ነው ይላሉ። ተቃዋሚዎች ደግሞ የሕዝብ ሞገድ በነጻ የተሰጠው ለሕዝብ እንዲታይ ነው ይላሉ። በዚህ ላይ ተቃዋሚዎቹ ሚዛን የሚደፉ ይመስለኛል። በነጻ የሚሰጥን ነገር መቆለፍ ቀላል ማስረጃ አይበቃውም።

ኤፍ ሲ ሲ በኦክቶበር 2025 መካከለኛ የሚመስል ሐሳብ አቀረበ። ቀን ቆርጦ ከማስገደድ ይልቅ ጣቢያው ነባሩን ዘዴ መቼ እንደሚያቆም ራሱ ይወስን የሚል ነው። ለጣቢያ ነጻነት ነው። ለተመልካች ግን በአንድ ከተማ ውስጥ ቻናል 4 በአንድ ጊዜ፣ ቻናል 7 በሌላ ጊዜ ሊጠፉ ይችላሉ ማለት ነው። ለ2009ኙ ሽግግር መንግሥት ለአንድ ቤት እስከ ሁለት የ40 ዶላር ኩፖን ሰጥቶ ነበር፣ መቀየሪያ ሳጥን እንዲገዛበት። ለአሁኑ ሽግግር እንዲህ ያለ ድጎማ አልተመደበም። በአንቴና የሚያየው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳጥኑን መግዛት የሚከብደው ሰው ነው።

የጠፋው ምን እንደሆነ ለመለየት

መጀመሪያ የጠፋው አንድ ነው ወይስ ቤተሰቡ በሙሉ? 4.1፣ 4.2፣ 4.3 አብረው ከጠፉ ነገሩ የሲግናል ነው። ብዙ ጊዜ ሁሉም በአንድ መስመር ስለሚመጡ አብረው ይመጣሉ፣ አብረው ይሄዳሉ። 4.1 ኩልል ብሎ እየታየ 4.3 ብቻ ከጠፋ አንቴናውን ማዟዟር ዋጋ የለውም። ወይ ውሉ አልቋል፣ ወይ ቻናሉ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛውሯል። ቁጥሩ ኖሮ ፕሮግራሙ ሌላ ከሆነ ብዙ ጊዜ የውል ጉዳይ ነው።

ሲግናል ከሆነ ስካን ይደረጋል። ካልሠራ አንቴናው ይነቀልና ባዶውን ስካን ይደረጋል። ይህ በብዙ ቴሌቪዥኖች የቆየውን መዝገብ ያጠፋል። ከዚያ አንቴናው ተሰክቶ በድጋሚ ስካን ይደረጋል።

በዲሲ 7 እና 9 ብቻ እምቢ ካሉ ምክንያቱ የተለየ ነው። እነዚህ ሁለቱ እውነተኛ መስመራቸውም 7 እና 9 ነው፤ ረጅም ሞገድ የሚጠቀሙበት ቪ ኤች ኤፍ የሚባለው ክልል። የ7ኛው መስመር ግማሽ ሞገድ 85 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የ34ኛው 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። መስኮት ላይ የሚለጠፈው ጠፍጣፋ አንቴና ለአጭሩ ይበቃል፣ ለረጅሙ አይደርስም። ስለዚህ ማማው ቅርብ ሆኖ እንኳ ላይሠራ ይችላል። ሁለት የሚሳብ ዘንግ ያለው ርካሽ አንቴና ከውዱ ጠፍጣፋ ሊሻል የሚችለው ለዚህ ነው። አንዳንድ ኤል ኢ ዲ አምፖልና ቻርጀርም ይህን ክልል ይረብሻሉ። አጥፍቶ መሞከር ነው።

በድሮው አናሎግ አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ "መጣ?" ሲል ሌላው ከታች "ትንሽ፣ ትንሽ ጨምር!" ይል ነበር። ምስሉ ቀስ እያለ ይጠራል። ዲጂታል እንዲህ አይደለም። ወይ ሙሉ ይመጣል፣ ወይ ይቆራረጣል፣ ወይ የለም። ስለዚህ አንቴናውን ጥቂት አንቀሳቅሶ ጥቂት ሰከንድ መጠበቅ ያስፈልጋል። በቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ የሲግናል መጠን የሚያሳይ መስመር ካለ እሱን እያዩ ማድረግ ይሻላል።

የ3.0 ሳጥን ለመግዛት ያሰበ ሰው አንድ ነገር ይመልከት። "ኔክስትጄን ቲቪ" የሚለው ምልክት ከሌለው፣ የተቆለፉ ቻናሎችን ላይከፍት ይችላል። አንዳንዱ ሳጥን ደግሞ ቁልፉን ለመክፈት ኢንተርኔት ይጠይቃል። በ3.0 ላይ የተወሰኑ ንዑስ ቻናሎች ቁጥራቸው በአንቴና መጥቶ ምስላቸው በኢንተርኔት የሚመጣም አለ። ቤታቸው ኢንተርኔት ለሌላቸው ወላጆች የሚገዛ ከሆነ፣ ከመክፈል በፊት ሻጩን ይህን መጠየቅ ነው።